ሁሉም የሚሰማው ሬዲዮ

የውኃ ጉድጓድ ቆፋሪው ድርጅት ለመስክ መኪኖቹ አዲስ የመገናኛ ሬዲዮ ሊገዛ የተነሳው አሮጌው ተበላሽቷል ተብሎ ነው። አሮጌው ግን አልተበላሸም። ይህን የሚያውቁት ሬዲዮውን ፈትቶ ያየው ቴክኒሻን፣ ቴክኒሻኑ በጆሮዋ ሹክ ያላት የስምሪት ክፍል ኃላፊ፣ እንዲሁም "ተበላሽቷል" ብሎ ቃሉን የሰጠው ሹፌር ብቻ ናቸው። ሹፌሩ አባቷ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ክረምት አባትየው የድርጅቱን መሬት ቀያሽ አሳፍሮ በሸለቆው ውስጥ ያለውን ወንዝ ሲሻገር መኪናው መሃል ላይ ተቀረቀረበት። ውኃው እየሞላ መጥቶ የመኪናውን በር አለፈ። አፋፉ ላይ ሌላ የድርጅቱ መኪና ቆሟል፤ ሹፌሩ ወንበሩን ለጥጦ ያንኮራፋል። አባትየው ማይኩን አንስቶ "ኧረ ድረሱልኝ" ቢል ሰውየው ብድግ ብሎ ገመድ ይዞ ይወርድ ነበር። አላለም። ከቀያሿ ጋር የመኪናው ጣሪያ ላይ ወጥተው ውኃው እስኪጎድል ቁጭ አሉ። ሲመለሱ "ሬዲዮው ሞቶብኝ" አለ። ቀያሿም ስለ ሬዲዮ ምንም ስለማታውቅ አብራው ሬዲዮውን ረገመች።

ለምን አልጠራም? ሬዲዮው ክፍት ነው፤ አንዱ ሲናገር ሁሉም መኪና ይሰማል። የሹፌሮቹ ያልተጻፈ ደንብ ደግሞ እርዳታ የጠራ ስም ይወጣለታል ይላል። ነዳጅ አልቆበት የጠራው ይኸው እስከ ዛሬ "ጭላጭ" ነው። ከአስፋልቱ ፈቀቅ ከማለቱ ጭቃ የያዘው ደግሞ "አስፋልት" ተብሎ ቀረ፤ ሚስቱ እንኳ ስትናደድ በዚሁ ትጠራዋለች እየተባለ ይታማል። የስምሪት ኃላፊዋን ራሷን አልማሯትም፤ ቢሮ ቁጭ ብላ ሬዲዮ ስለምትመልስ "ቤዝ" ይሏታል፤ ኮሪደር ላይ ሲያገኟት ሳይቀር "ቤዝ፣ ደህና አደርሽ?" ነው። እነዚህን ሁሉ ስሞች ያወጣው ማን ነው ቢባል፣ አባቷ። ሁሉንም መንዳት ያስተማረው እሱ ስለሆነ "አለቃ" ይሉታል፤ ስም አውጪነቱም ከአስተማሪነቱ ጋር ተዳብሎ የመጣ ሹመት ነው። እሱ ራሱ በዘመኑ ሙሉ አንድም ቀን ጠርቶ አያውቅም።

አሁን ክረምቱ ዳግመኛ እየመጣ ነው። ልጅቱ የምትሰጋው ለዚህ ነው። ወንዙ እንደ አምናው ይጎድላል ብሎ ዋስ የሚሆናት የለም።

ድርጅቱ ግን ችግሩ የሬዲዮ ነው ብሎ ኮሚቴ አቋቋመ። ኮሚቴ ማለት አንድ ሰው ዛሬ የሚጨርሰውን ሥራ ብዙ ሰዎች ተረባርበው ለሚቀጥለው ሳምንት የሚያሳድሩበት ጥበብ ነው። ሰብሳቢው የግዢ ኃላፊው ሲሆን አባላቱ የሒሳብ ሹሙና እሷ ነበሩ። ተያይዘው ወደ ሱቅ ሄዱ።

ሰብሳቢው ገና ከበሩ ባለቀለም ስክሪን ያለው ሬዲዮ ላይ ዓይኑ አረፈና እዚያው ቀረ። ስክሪኑ ላይ ፏፏቴ ይታያል። ልጅቱ ሹፌሩ በዝናብ መሃል መንገዱን ነው የሚያየው ወይስ ፏፏቴውን ብትለው፣ ሁለቱንም ማየት የሚችል ሹፌር ነው መቅጠር ያለብን አላት። የሒሳብ ሹሙ በበኩሉ በእጅ የሚያዙትን ትንንሾቹን አንስቶ ኪሱ ውስጥ እየከተተ ሞከረ፤ ኪስ ከገቡ ለእሱ በቂ ናቸው። እሷ የመኪናው ቆርቆሮ ድምፃቸውን እንደሚያፍነው፣ ጉልበታቸውም ከኮረብታ ወዲያ እንደማይሻገር አስረዳችው። ለመስክ መኪና የሚሆነው ከመኪናው ጋር የሚታሰር፣ ሽቦው ከባትሪው በቀጥታ በፊውዝ የሚመጣ ነው። አንቴናው ውጪ ይቆማል፤ ቅርንጫፍ ሲመታው ጎንበስ ብሎ እንዲነሳ እግሩ ላይ ሞላ ያስፈልገዋል። ሞተሩ ሲጮህ እንዲሰማ ከሹፌሩ ጆሮ አጠገብ ሌላ ስፒከር ይጨመራል። የማይኩም መጫኛ ሰፋ ያለ ይሁን፤ ጭቃ የለበሰ ጣት ትንሽ ነገር አያገኝም።

ሻጩ ይህን ሁሉ ሰምቶ እሷ ገዢ መሆኗን ስላወቀ ሰብሳቢውን ከነፏፏቴው ትቶት ወደ እሷ ዞረ። ከመስታወቱ ስር አንድ ጥቁር ሬዲዮ አወጣና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ይኼኛው እህቴ፣ የግል ጥሪ አለው። ይህችን ሲጫናት ቢሮ ብቻ ነው የሚሰማው። ሌላው መኪና ነፍሱም አያውቅ።"

የአባቷ ድምፅ ወደ እሷ ብቻ ሲመጣ ታሰባት። ማንም ሳይሰማ፣ ማንም ሳይስቅ፣ ስምም ሳይወጣ እሷ በዘዴ ሰው ትልክለታለች። ሰብሳቢው የግል የሚለውን ቃል እንደሰማ ወዲያው ተስማምቶ ነበር፤ ለኃላፊዎችም አንድ አንድ ይገዛ እስከ ማለት ደረሰ። እሷ ግን ሻጩን ከሸለቆ ውስጥ ሆኖስ ቢሮ ይሰማል ወይ አለችው።

ሻጩ አንገቱን አከከ። ሸለቆ ሲሆን እንግዲህ፣ አለ፣ አፋፉ ላይ ያለ ሰው ነው የሚሰማው፤ ቢሮ ድረስ ለመምጣት መሃል ላይ የሚቀባበል ካልተገኘ ድምፁ እዚያው ይቀራል።

ከዚያ ወዲያ ቢነግራትም ባይነግራትም ያው ነበር። አባቷ ያችን ቁልፍ ቢጫን ኩራቱን እንደ ጠበቀ ለገደል ይናገራል ማለት ነው። ክፍቱን ብትገዛለት ደግሞ አይናገርም። ሬዲዮ መረጣ የመጣችው ሴትዮ እጇ ላይ የቀረው የሚናገር ሰው መምረጥ ሆነ፤ ያንን ደግሞ የሚሸጥ ሱቅ የለም። እስከ ነገ ጊዜ ስጡኝ አለቻቸው። ኮሚቴው ማሳደር ስለሚወድ አላንገራገረም።

አመሻሹ ላይ አባቷ ወጥ ቤት ውስጥ በጀርባው ተኝቶ፣ ራሱን ከዕቃ ማጠቢያው ስር ከትቶ የሚያንጠባጥበውን ቧንቧ ይጠግን ነበር። እሷ አጠገቡ ቁጢጥ ብላ መብራት ያዘችለት። ፊቱ አይታያትም፤ ይህም ለሁለቱም ሳይበጅ አልቀረም።

"የቱን መረጣችሁ ታዲያ?" አለ ከስር።

"አባዬ፣ አሮጌው እኮ ደህና ነበር።"

መፍቻው ቆመ።

"ማን አለ?"

"ቴክኒሻኑ። ለሌላ ሰው አልተነፈሰም።"

መብራቱን ከፍ አድርጊ አላት። ከፍ አደረገች።

"ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይደርስም ሲሉ አልሰማህም?" አለችው።

"ጎረቤቱ ከመድረሱ በፊት የሚስቅ ከሆነስ?"

"ስቆም ይድረሳ።"

ከስር ትንሽ ሳቅ የመሰለ ነገር ሰማች፤ ሳል ይሁን ሳቅ አልለየላትም። ከዚያ በቀስታ መናገር ጀመረ። ለሰው ስም ሲያወጣ ለአፍታም አስቦ እንደማያውቅ፣ ከአፉ ዝም ብሎ ይወጣለት እንደነበር ነገራት። ያኔ ጣሪያው ላይ ተቀምጦ ግን የራሱን ስም ሲያወጣ ሲያወርድ ውኃውን እንኳ ረስቶት ነበር።

"ምን እንደሚሉኝ ደርሼበታለሁ" አለ።

"ምን?"

"ጡረታ።"

ለመሳቅ የተዘጋጀው አፏ እንዳለ ቀረ። ጭላጭም አስፋልትም የአንድ ቀን ስህተት ስሞች ናቸው፤ ሰውየው በማግስቱ ነዳጁን ሞልቶ ይስቅባቸዋል። ይህኛው ግን በማግስቱም አይለቅም። አስተማሪው ሥራውን ሲጨርስ የሚመጣ ነው። አባቷ ወንዙን ሳይሆን ይህችን አንዲት ቃል ነበር የፈራው፤ እሷም በልጅነቷ ከኋላ ወንበር ሆና ስታየው የነበረው ሰፊ ጀርባ አሁን የወጥ ቤት ወለል ላይ ተዘርግቶ ስታየው ፍርሃቱ ከንቱ ነው ልትለው አልደፈረችም።

ስለ ግል ጥሪው ነገረችው። ሳትደብቅ፣ ሳታጋንን፣ ከሸለቆው እንደማይሰራም ጭምር።

"ከሸለቆው ካልሰራ ለምን ትነግሪኛለሽ?"

"ክፍቱን ብገዛ ትናገራለህ ወይ ብዬ ነው።"

ጨርቅ አቀብዪኝ አለ። ቧንቧው ማንጠባጠቡን ሲያቆም ከስር ወጥቶ ጉልበቱን ይዞ ተነሳ፤ እጁን ታጥቦ፣ የቱ ላይ ሞላ ያለው አንቴና እንደሚገኝ ጠይቋት ወደ ክፍሉ ገባ።

በማግስቱ ክፍቱን መረጠች። ሰብሳቢው የግል ጥሪው ሲቀርበት ለቀናት አኮረፋት። ሬዲዮዎቹ ሲገጠሙ አባቷ ከቴክኒሻኑ ጋር ቆሞ ሽቦው በሞተሩ አጠገብ አይለፍ፣ ይህን በደንብ እሰረው እያለ ሲቆጣጠር ዋለ። እሷም ጥያቄዋን አልደገመችም።

ዝናቡ ገባ።

ከቀናት በአንዱ አለቃ ቀያሿን ይዞ ወደ ሸለቆው ወረደ፤ አስፋልት አፋፉ ላይ ቀረ፤ ጭላጭ ከወዲያ ማዶ ቧንቧ ያመላልሳል። ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጠቆረ። ልጅቱ ቢሮዋ ውስጥ ሻይዋን አስቀድታ ረሳችው። ወደ ሸለቆው ብትጣራ እንደማይሰማ ታውቃለች። ከጽዳት ሠራተኛዋ ጋር ስለ መስኮቱ ማፍሰስ እያወራች ጆሮዋን ግን ሬዲዮው ላይ ጥላ ነበር። መዘግየታቸውን ካየች በኋላ ደግሞ ወሬውንም ተወችው።

ሬዲዮው ኮሸሽ አለ። የአስፋልት ድምፅ ነበር።

"ሰምቻለሁ አለቃ። እስቲ ይድገሙልኝ፣ የት ጋ?"

ከዚያ ዝም። ልጅቱ ተነስታ ቆመች። ከሸለቆው የሚመጣው ድምፅ እሷ ዘንድ አይደርስም፤ የሚደርሳት የአፋፉ መልስ ብቻ ነው። ያ ዝምታ ግን ባዶ አልነበረም። አባቷ ውስጡ ሆኖ እየተናገረ ነው።

"ከድንጋዩ በታች። ገባኝ። ውኃውስ?"

ዝም።

"ቀያሿ ደህና ናት? እሺ። ሞተሩን አያስነሱት።"

ጭላጭ ከማዶ ገባ። እሱም ሰምቷል፤ ሌላ ገመድ ይዞ እየዞረ ነው። ከዚያ ረጅም ዝምታ ሆነ፤ የቆሙበትን ቦታና የውኃውን ጥልቀት ለመናገር ከሚያስፈልገው የረዘመ። በመሃሉ አስፋልት "እ" ይላል፤ ዝም ይልና ደግሞ "እ" ይላል። አለቃ እንዲህ ብዙ የተናገረው ለመንጃ ፈቃድ ሲያሰለጥናቸው ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

"እሱማ ሳልስቅ አልቀርም አለቃ" አለ አስፋልት በመጨረሻ። የመኪናው ሞተር ሲነሳ ከድምፁ ኋላ ይሰማል። "እየወረድኩ እስቃለሁ።"

ልጅቱ ወደ ማይኩ ተጠጋች።

"ቤዝ፣ ቤዝ" አለ ሬዲዮው። "አለቃ ወንዝ ውስጥ ነው፤ ደህና ነው፣ ወርጄ ላወጣው ነው። የአምናውን ጨምሮ የነገረንን ሁሉ ላስተላልፍልሽ?"

ማይኩን አነሳች። መጫኛውን ተጫነች።

"አይ፣ ለእናንተ ነው የነገራችሁ። ገመዱን ይዛችሁ ውረዱ።"