ተነግሮ ያለቀው ልቦለዴ

ሬዲዮና ስልክ የምጠግን ሰው ነኝ። ሃርጌሳ ገበያ ውስጥ፣ ከካልቱን ሻይ ቤት አጠገብ ባለች ጠባብ ሱቄ መቀመጥ ከጀመርኩ ብዙ ዘመን ሆኖኛል። ሥራዬ ግማሹ መጠገን፣ ግማሹ ማዳመጥ ነው፤ ስልኩን ሊያሠራ የመጣ ሁሉ ሆዱን ዘርግፎልኝ ይሄዳል። ይህን ሁሉ ስሰማ ኖሬ ኖሬ፣ አላህ ይቅር ይበለኝና፣ በዚህ ዕድሜዬ ደራሲ መሆን አማረኝ።

ምኞቴን መጀመሪያ የነገርኩት ለጓደኛዬ ለራጌ ነው። ራጌ መምህር ነው፤ የሌላ ሰው ሕይወት ማቀድ ላይ እሱን የሚያህል የለም።

«ምኞትማ ማን የሌለው አለ?» አለኝ። «የሚጨበጥ ግብ ያዝ እንጂ! ከንጋት ሶላት በኋላ በየቀኑ አንዲት ገጽ። የሐምሌው የመጽሐፍ ትርኢት ሲደርስ ጨርሰህ ለአሳታሚ ትሰጣለህ። ደግሞ ለሰው ንገር፤ ብትተወው እንድታፍር።»

ከምክሩ ሁሉ ያለ አንዳች ችግር የፈጸምኩት የመጨረሻዋን ብቻ ነው።

እኛ ከተማ ለአንድ ሰው መንገር ለሁሉም መንገር ነው። በማግስቱ አዊል መባሌ ቀርቶ «ገጽ» ሆንኩ። አንካሳውን አንካሳ፣ ጥርሰ ፍንጭቱን ፍንጭት ብለን የምንጠራ ሰዎች ነንና ከዚህ የከፋ ስላላወጡልኝ አመሰገንኩ።

ታሪኩ ጥሩ ነበር፤ አሁንም ጥሩ ይመስለኛል። ጉሌድ የሚባል ሾፌር ከበርበራ ሩዝ ጭኖ ወደ ቡርኦ ሲወጣ የሼክ ዳገት ላይ መኪናው ይቆምበታል። ረዳቱ መለዋወጫ ሊያመጣ ይሄድና በዚያው ይቀራል። ጉሌድ ሰው አምኖ የሰጠውን ጭነት ጥሎ መሄድ አይሆንለትም፤ ቤት ደግሞ ሚስቱ ልትወልድ ቀርባለች።

የመጀመሪያ ሰሞን በርትቼ ነበር። እሰግዳለሁ፣ እጽፋለሁ፣ ሱቄን ልከፍት እወጣለሁ። ስወጣ ግን ካልቱን ማንቆርቆሪያዋን ይዛ ትጠብቀኛለች።

«ገጽ! ሰላም አደርክ? ወሬ አምጣ!»

ወሬ የተጠየቀ ሰው ዝም ብሎ ማለፉ እኛ ዘንድ ነውር ነው።

«ደህና ነው። ጉሌድ ውሃ እያለቀበት ነው።»

«እንዴት ያልቅበታል? ጀሪካን አልያዘም? ምን ዓይነት ዝርክርክ ሾፌር ነው የፈጠርክብን?»

«ዝንጀሮ ላክበት!» ይላል አንዱ ከወዲያ፣ ሻዩን እያማሰለ። «ሩዙን ይዝረፉታ!»

ዝንጀሮ ላክሁበት። ሲስቁ ጊዜ ሌላ ጨመርኩ። ቀስ በቀስ ገና ያልጻፍኩትንም መናገር ጀመርኩ። ወረቀት ስጽፍበት ስቆልኝ አያውቅም፤ እነሱ ግን ስኒያቸውን አስቀምጠው አፌን ነበር የሚያዩት። አንዴ የነገርኩትን ተመልሼ ልጽፍ ስቀመጥ ደግሞ የቀዘቀዘ ሻይ ይሆንብኛል። ስለዚህ ግቡን አሻሻልኩት። ገጹ ግማሽ ገጽ ሆነ፤ ግማሹ አንድ አንቀጽ፤ አንቀጹ «ማሰብ» ሆነ። ማሰብ ደግሞ ሱቅ ውስጥ ተጋድሞም ይቻላል።

ረመዳን ሲገባ ሻይ ቤቱ ቀን ቀን ተዘጋ። ወሬ የሚጠይቀኝ ጠፋ፤ ምራቁ የተረፈው ሰው አልነበረማ። ያን ወር ስለ ጉሌድ ሚስት ጻፍኩ። ለማንም አልነገርኩም። ጨዋ ሆኜ አይደለም፤ የጠየቀኝ ስለሌለ ነው። ዒድ ሲሆን ካልቱን ከፈተች፤ እኔም አፌን ከፈትኩ።

ሐምሌ ሲቃረብ ደነገጥኩ። ሲነገር የከረመውን ሁሉ በጥድፊያ ጻፍኩና ለሳማታር ይዤለት ሄድኩ። ሳማታር በትርኢቱ ላይ በየዓመቱ የአንድ አዲስ ደራሲ መጽሐፍ የሚያወጣ ወጣት አሳታሚ ነው። የዘንድሮው ካመለጠኝ ለከርሞ የሚበቃ ድፍረት እንደማይኖረኝ አውቀዋለሁ።

ፊት ለፊቴ ቁጭ ብሎ አነበበ። ዝንጀሮዎቹ ጋ ሲደርስ ሳቀ። እኔም በልቤ አልሐምዱሊላህ አልኩ።

«አጎቴ፣ አሳምረው ሰብስበውታል» አለኝ።

«ምኑን ነው የሰበሰብኩት?»

«ተረቱን ነዋ! ቡርኦ ያለችው አክስቴ በስልክ በድምፅ ልካልኝ ሰምቼዋለሁ። እንዲያውም እሷ ስትናገረው ሾፌሩ ሁለተኛ ሚስት አለችው።»

«ልጄ፣ የኔ ፈጠራ እኮ ነው!»

«እርስዎም? ባለፈው አንድ ፀጉር አስተካካይ የኔ ነው ብሎኝ ነበር።»

እኛ ዘንድ የሌላ ሰው ግጥም በቃሉ የሚያሰማ የገጣሚውን ስም ሳይጠራ አይጀምርም። ግጥም ቢሆን ኖሮ ስሜ ተሳፍሮ ቡርኦ ይገባ ነበር። ተረት ግን ባለቤት የለውም፤ የተናገረው ሁሉ ባለቤቱ ነው። በዚህ በገጣሚ አገር ሁለት ስንኝ መግጠም ያቃተው እኔ ብቻ መሆኔ ሳያንስ፣ ልቦለዴን በገዛ አፌ ለአገሩ አድዬ ጨርሼዋለሁ።

ወረቀቱን ሲመልስልኝ አንድ ነገር መጣልኝ።

«አክስትህ ስለ ሚስቱ ምን አለችህ? ስለ መጀመሪያዋ?»

አሰበ። «ስለሷማ ምንም።»

ለብቻዋ ኪሴ ውስጥ የያዝኳትን የረመዳኗን ክፍል አውጥቼ ሰጠሁት። ሚስትየው የመኪና ድምፅ በሰማች ቁጥር ለባሏ ወተት ታሞቃለች። መኪናው ያልፋል። ወተቱ ይበላሻል፤ እሷ ግን ማፍሰስ አልሆንላት ይላል። ሳማታር ይህን ሲያነብ አልሳቀም። አንብቦ ጨረሰና ወደ መጀመሪያው ተመለሰ።

«ይሄን አክስቴ አታውቀውም» አለ በመጨረሻ። «ሌላውንም እንደዚህ አድርገው ይጻፉልኝ። የዘንድሮው ቦታ የእርስዎ ነው፤ ቢዘገይም እጠብቃለሁ። ግን አጎቴ፣ ለሰው አይንገሩ።»

«ኢንሻአላህ» አልኩና ተነሳሁ። እስከ በሩ ተከተለኝ።

«ብቻ አንዲት ነገር። ጉሌድ ቤቱ ይገባል?»

ምላሴ ተነስታ ነበር። ጥርሴን ነከስኩባት።

«ጽፌ አመጣልሃለሁ።»

«አክስቴ እኮ ታስጨንቀኛለች! ምን ልበላት?»

«ታንብበዋ።»

«ማንበብ አትችልም።»

«እንግዲያው ሲታተም» አልኩት «አንተ አንብብላት። ስትጀምር ግን ስሜን ጥራ።»