ሁለተኛው ስፌት

የደሃናዋ ዓይናዲስ አንጀቷ ተጠማዞ በቃሬዛ የወረደች ጊዜ፣ ከአንድ የከተማ ሐኪም ቤት ሆዷን ከፍተው ነፍሷን አተረፉላት። ሲዘጉት ግን በወፍራም ክር አራርቀው በጥድፊያ ነበር። ዓመት ሳይሞላት ስፌቱ ከቆዳዋ ሥር ተተረተረና አንጀቷ በቀዳዳው ይወጣ ጀመር። ስታስል ያብጣል፣ ስትተኛ ይገባል። እንስራ ማንሳት የለ፣ መፍጨት የለ። ጎረቤት ደግሞ አያልቅበትም፤ «አርግዛ ነው ወይስ ጠግባ?» እያለ ይሳሳቃል።

በጥር ወር ሰቆጣ ላይ ወንዳወቅ የሚባል ወጣት ሐኪም አያት።

«የፊተኛው እንደ ጆንያ አፍ ነው የተሰፋው፤ ክሩ ሥጋውን ቆርጦት ወጣ» አላት። «እኔ በቀጭን ክር፣ የጡንቻውን ጠንካራ ሽፋን ብቻ እየያዝሁ፣ አቀራርቤ እሰፋዋለሁ። ጊዜ ይፈጃል እንጂ ይይዛል። ግን ስሚኝ እህቴ፣ ሥጋሽ ሳስቷል። ይኸም ከተተረተረ ሌላ የምሰፋው የለኝም።»

ሰፍቶ ሲያበቃም ከለከላት፤ እስከ ክረምት ውኃ እንዳትቀጂ፣ እንጨት እንዳትሸከሚ፣ እንዳትፈጪ።

ቃሉን ጠበቀች። ባሏ ጓንጉል ጀሪካን አዝሎ ከምንጭ ሲመለስ መንደሩ ሳቀበት፤ እሱ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ጾሙ ሲጋመስ ሆዷ ተመልሶ ልጥፍ አለ። በሳቀች ቁጥር በእጇ ትዳስሰዋለች፤ እብጠት የሚባል የለም። አንጀቷ ቅቤ ጠጣ።

ስቅለት ደረሰ። ያን ዕለት በዚያ አገር ሥራ የሚነካ የለም፤ ሁሉም ከቤተ ክርስቲያን ሲሰግድ ይውላል። ስግደትን ከሸክም የሚቆጥር ሰውስ ከወዴት ይመጣል? ዓይናዲስ ያለፈው ዓመት ቆማ በማልቀስ ነበር የዋለችው። ዘንድሮ ስትወድቅ ስትነሣ፣ ጉልበቷ እስኪከዳት ሰገደች። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ግንባሯን ከመሬት ልታነሣ ስትል ከሆዷ አንድ ነገር ቡጭቅ አለ። አላቆመችም።

ከፋሲካ በኋላ ባልና ሚስት ሰቆጣ ወረዱ። ወንዳወቅ ዳሰሳት፣ አስሳላት፣ ፊቱ ጠቆረ። ቀዳዳው ከድሮው ብሶ ነበር።

«ምን ተሸከምሽ?»

«ምንም።»

«አትዋሺኝ!»

«እናቴ ትሙት፣ እንስራ በእጄ አልነካሁም! እሱን ይጠይቁት።»

ጓንጉልም ማለላት። ወንዳወቅ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ። ለዚያ ስፌት ወገቡ እስኪቆረጥ ቆሞ ነበር፤ ሌሎቹ ሐኪሞች «ጥልፍ ትጠልፋለህ እንዴ?» እያሉ ሲቀልዱበት ችሎ ነበር።

«እንግዲያ የከዳሽ የኔው ስፌት ነው» አለ።

ዓይናዲስን አሳዘናት። «ኧረ የእርስዎ ስፌትስ ደኅና ነበር! እስከ ስቅለት ምንም አላለኝ። ስሰግድ ነው እንጂ…»

ሐኪሙ ቀና አለ። እሱም ያን ዕለት ሲሰግድ ነው የዋለው። አትስገጂ ማለት ግን ሸክሙን ሲከለክላት ጭራሽ በሐሳቡ አልመጣም።

«ለምን?» አላት። «ከዚህ ሁሉ በኋላ ለምን ሰገድሽ?»

ጥያቄው ገረማት።

«ስለዳንሁ ነዋ!»

ጓንጉል ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። እሷ ግን ገና ተስፋ አልቆረጠችም፤ ልብሷን ወደ ታች እየጎተተች «ታዲያ መቼ ይሰፉልኛል?» ብላ ጠየቀች።

ወንዳወቅ ዓይኗን ማየት አቃተው። ሆዷን አጥብቃ የምታስርበት ሰፋ ያለ መቀነት እንዲገዛላት ለባሏ ነገረው።