በካሴቱ ላይ የቀረ ድምፅ

«እማዬ፣ አንዲት ማታ እንኳ ዝም ማለት አቃተሽ?»

ተኳሿን ይህን የጠየቀቻት ልጇ ናት። የእናት ምላስ ያን ጊዜ ነው የታሰረው፤ መታሰር የነበረበት ግን ከሳምንት በፊት ነበር።

ተኳሿ የሚሏት ልብስ ማጠቢያ ቤት ውስጥ ልብስ ስለምትተኩስ ነው። ቅጽል ስሟን ብቻ የሰማ እንግዳ የጦር ሜዳ ሰው ትመስለዋለች። እሷ ግን እንኳን ጥይት፣ የበር መንጓጓትም ያስደነግጣታል። ባሏ ከሞተ ወዲህ አንድ ልጇን ያሳደገችው በስጋት ነው። ልጅቷ ስታስል ወደ ሐኪም፣ ስትዘገይ ወደ አውቶቡስ ማቆሚያ መሮጥ ነው፤ ዝም ስትል ደግሞ «ምን ሆነሽ?» አይቀርም።

ይህች ልጅ ናት እንግዲህ ኤሌክትሪክ ጊታር ገዝታ ሃርድ ሮክ የሚጫወት ባንድ ያቋቋመችው። ሦስት ነበሩ። እሷ ጊታር ትጫወታለች፣ ትዘፍናለችም። ድራሙን የሚመታው የአናጢው ልጅ ነው፤ ከቅጥነቱ የተነሳ «ምስማር» ይሉታል። ቤዝ የሚጫወተው ደግሞ «ረጅሙ» ነው፤ ስለ ረጅሙ ከቁመቱ ሌላ ብዙ የሚወራ የለም። የሚለማመዱት አናጢው ሥራ ሲዘጋ፣ እዚያው ሰጋቱራው መሐል ነበር። ባንዱን «የጋለ ብረት» ያለችው ልጅቷ ናት፤ ከእናቷ ካውያ ወስዳ። ተኳሿ ግን የሚያሾፉባት መስሏት ተቀይማ ሰንብታ ነበር።

የመጀመሪያው ኮንሰርታቸው የመጨረሻቸውም ሆነ። የተዘጋጀው በአንድ አሮጌ ሲኒማ አዳራሽ ነው። የሰፈሩ ሬዲዮ ጠጋኝ ትልቁን ቴፕ ሪከርደሩን ተሸክሞ መጣና የሚያስቀምጥበት ቦታ ሲፈልግ ቆየ። ጥሩ ድምፅ የሚገኘው ከመድረኩ ፊት ለፊት፣ ከመቀመጫዎቹ መሐል ነው፤ እዚያ ግን ወጣቱ እየዘለለ ይረግጠዋል። እንደ ተኳሿ ከቦታው የማይነቃነቅ ሰው ስላላገኘ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠላት። እንዳትነካካው፣ እንዳትነሳ፣ ሽቦውንም ማንም እንዳይጎትተው አደራ አላት። እንዳትናገር ግን አላላትም። ይህ የሚነገር ነገር ነው ብሎ አላሰበም።

እሷም የሰው ሕፃን እንደ ታቀፈ ሰው እጇን ሰብስባ ተቀመጠች። የቴፑ ማይክ ፊቱን ወደ መድረኩ አዙሯል፤ እሷ ያለችው ከጀርባው ነው። ዓይን የሚያየው ፊት ለፊቱ ያለውን ነው፤ ማይክም እንደዚያው መሰላት።

ሁለቱ ዘፈኖች ደረቷን እያንቀጠቀጡ አለፉ። ሦስተኛው ላይ ጊታሩም ቤዙም ዝም አሉና ምስማር ብቻውን ቀረ። ቆርቆሮ ላይ እንደሚጀምር ካፊያ ቀስ ብሎ መምታት ጀመረ። አዳራሹ ጸጥ አለ። ከጎኗ የተቀመጠችው ታናሽ እህቷ፣ አፏ ሥራ ፈትቶ የማያውቅ ሴት፣ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብላ «እትዬ፣ አማችሽ ይሄ ስንጥር ነው እንዴ?» አለቻት።

ነገሩ ቀልድ ነበር። ተኳሿን ግን እንደ እሾህ ወጋት። ባለፈው ሰሞን ልጇ ደክሟት ወጥ ቤት ተቀምጣ፣ ምስማር አንዳንዴ ወደ ኋላ እንደሚጎትታት፣ አንድ ትልቅ ባንድም ነይ እንዳላት፣ ምን እንደምታደርግ እንደጨነቃት አጫውታታለች። ለማንም እንዳትናገር አስምላታለች። ውሳኔ አልነበረም፤ የደከመው ሰው ትንፋሽ ነበር። እናት ግን ልጇ የተናቀችባት መሰላት።

«ኧረ ወዲያ! ልጄ ከእነዚህ ጋር ልትቀር መሰለሽ? ምስማር ወደ ኋላ እየጎተተኝ ነው ብላኛለች። ትልቁ ባንድ ጠርቷታል፤ ልትተዋቸው ነው።»

በሹክሹክታ የተናገረች መስሏት ነበር። ጆሮዋ ከሁለተኛው ዘፈን ጩኸት ገና ስላልተመለሰ ድምፅዋን አልለካችውም።

በሳምንቱ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ካሴቱን ለመስማት ሁሉም ተኳሿ ቤት ተሰበሰቡ። ጠጋኙ እንደ ሙሽራ አባት ኮርቷል። ምስማር አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ በጣቶቹ ጉልበቱን እየመታ ይከተላል። ሦስተኛው ዘፈን ደረሰ። ካፊያው ጀመረ። ከዚያ የተኳሿ ድምፅ ከድራሙ በላይ ጎልቶ፣ እያንዳንዱ ቃል እንደ ተተኮሰ ኮሌታ ቀጥ ብሎ ወጣ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። ያን ዕለት ባዳው ዘመድ ሆነ።

ምስማር ወደ ልጅቷ ዞሮ እውነት እንደሆነ ጠየቃት። ዓይኗን ከቴፑ አላነሳችም፤ መልሱ ይኸው ሆነ። የቀረበለትን ውሃ እስከ ጭላጩ ጠጥቶ ብርጭቆውን ቀስ ብሎ አስቀመጠና «ደህና ይዋሉ፣ እማማ» ብሎ ወጣ። ረጅሙም በሩ ላይ ጎንበስ ብሎ ተከተለው። ጠጋኙ ካሴቱን አውጥቶ ኪሱ ከተተ። እናትና ልጅ ብቻቸውን ሲቀሩ ነው ያ ጥያቄ የመጣው።

ካፍ ከወጣ አፋፍ። ባንዱ በዚያው ፈረሰ። ትልቁ የተባለው ባንድም ሌላ ጊታር ተጫዋች አገኘ። ልጅቷ ጊታሯን ሸጣ መድኃኒት ቤት ተቀጠረች። እናትና ልጅ የተለያየ አውቶቡስ እንደሚጠብቁ ሁለት ሰዎች በአንድ ጣሪያ ሥር ጥቂት ዓመታት ኖሩ። ከዚያ የልጅቷ አውቶቡስ መጣ፤ ባሕር ማዶ ሥራ አግኝታ ሄደች። ስትደውል ስለ ጤና ይነጋገራሉ። ተኳሿ ብርድ ልብስ እንዳላት ትጠይቃታለች። አላት።

ወደ ምስማር ለመሄድ ሰበብ ያስፈልግ ነበርና ተኳሿ እግሩ የላላ ወንበር ተሸክማ ሄደች። ይቅርታ ልትለው ነበር፤ «ይሄ ወንበር ይወላገዳል» ብላው ተመለሰች። ጠገነላት። ሰንበት ብላ ሌላ ወንበር ወሰደች። እህቷ «እትዬ፣ ወንበሩን ሰባሪዋም ራስሽ ነሽ እየተባለ ነው» እያለች ትስቅባታለች። አናጢው አረፈ፣ ሥራው ለምስማር ቀረ፣ የምስማር ጸጉር ሸበተ፤ ስለ ካሴቱ ግን አንድም ቀን ተነጋግረው አያውቁም።

ከብዙ ዘመን በኋላ የድሮ ሙዚቃ የሚሰበስብ፣ ወፍራም መነጽር ያደረገ ሰው የተኳሿን በር አንኳኳ። ጠጋኙ በሕይወት ሳለ ካሴቱን ለአንድ ወዳጁ ገልብጦለት ኖሯል፤ ያም ለሌላው። «የጋለ ብረት» ከዚያች ማታ በቀር የተቀዳ ነገር ስለሌለው የሃርድ ሮክ ወዳጆች እንደ ብርቅ ሲቀባበሉት ኖረዋል። ሰውየው ዋናውን ካሴት ከጠጋኙ ሚስት አግኝቶ በሲዲ ሊያወጣው ነው። ምስማርና ረጅሙ እሺ ብለውታል። ልጅቷ «እናቴ እንዳለች ይሁን» ብላዋለች። ይህ ፍቅር ይሁን ድካም ተኳሿ ልትለየው አልቻለችም።

በሦስተኛው ዘፈን መሐል የምታወራዋ ሴት ማን እንደሆነች ሰዎች ሲከራከሩ መኖራቸውን ሲነግራት መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ቀጥሎ ግን ዛሬ በኮምፒውተር ድምፅዋን ከቅጂው ማጥፋት እንደሚቻል ነገራት።

ከአፍ የወጣ ነገር ይመለሳል ብላ አስባ አታውቅም። «አጥፋልኝ፣ ልጄ» አለችው። «ዛሬውኑ አጥፋልኝ።» ልጇ አንድ ቀን ዘፈኑን ስትከፍት እናቷ መሐል ሳትገባባት እስከ መጨረሻው ትሰማዋለች። ተኳሿ ከዚህ በላይ የምትፈልገው አልነበረም።

ሰውየው ሠርቶ ሲመለስ ምስማርም ተጠርቶ፣ ከልብሱ ላይ ሰጋቱራ እያራገፈ ገባ። ዘፈኑ ተከፈተ። የምስማር ጣቶች ጉልበቱ ላይ ጀመሩ። ያ ቦታ ደረሰ። የተኳሿ ድምፅ የለም። ካፊያውም ግን የለም፤ ድራሙ ከትራስ ሥር እንደሚመታ ታፍኖ፣ ተቦጫጭቆ ይሰማል። የምስማር ጣቶች መንገድ እንደ ጠፋው ሰው ቆሙ።

ሰውየው ሁለቱ ድምፆች ተዋሕደው ስለተቀዱ አንዱን ሲያወጡት ሌላውም እንደሚነካ ማስረዳት ጀመረ። አላስጨረሰችውም። በረኪና የነካው ልብስ ስንት አይታለች፤ እድፉ ሲለቅ ቀለሙም አብሮ ይለቃል። እንደ መጀመሪያው ሆኖ አንዴ እንዲከፍትላት ለመነችው። ዓይኗን ጨፍና፣ የራሷን ቃላት እንደ መጋረጃ ገለጥ እያደረገች፣ ከሥር ያለውን አዳመጠች። ካፊያው ወፈረ፣ ዶፍ ሆነ፣ ተመልሶ ጠብታ ሆነ።

«ይህን ሌላ ቦታ መትተኸዋል?» አለችው ምስማርን።

«የትም። ያን ዕለት ብቻ ነው እንዲህ የወጣልኝ።»

 ተኳሿ ወደ ሰውየው ዞራ «መልሰው» አለች። «እንደነበረ ይውጣ።»

«እማማ፣ ስለ እኔ ብለው ከሆነ ይተዉት» አለ ምስማር። «ሐሜቱን እንደሆነ ለምጄዋለሁ። ደግሞ ልጅዎ አልዋሸችም፤ እጎትት ነበር።»

«ያን ዕለት እኔ ሳወራ አልሰማሁህም። ሌላው ይስማህ።»

ምስማር አቀርቅሮ ጉልበቱ ላይ የቀረውን ሰጋቱራ አራገፈ።

ሲዲው ወጣ። ሰዎች ሃርድ ሮኩንም ተኳሿንም አብረው ሰሙ። አንዱን ለልጇ ላከችላት። ልጅቷ ስትደውል እንደ ልማዳቸው ስለ ጤና ተነጋገሩ፤ ከዚያ ሲዲው እንደደረሳት ነገረቻት። ተኳሿ ሰምታው እንደሆነ ጠየቀቻት።

«እስከ ሁለተኛው ዘፈን» አለች ልጅቷ።

ረጅሙ የጭነት መኪና ሹፌር ሆኖ ከከተማው ከወጣ ቆይቷል። ልጇም እንደሄደች ናት። ከተኳሿ ጋር የቀረው ወደ ኋላ ይጎትታል የተባለው ምስማር ነው።