ቁልቁለቱን እምቢ ያለው ሻጭ

ሬይዊን መኪናዋን ያልወደደቻት ገና ከአጥሩ በር ላይ ሆና ስታያት ነው። መኪናዋ ነጭ ናት፤ ታጥባ ታብለጨልጫለች፤ የመስኮቶቿ መጋረጃም አዲስ ነው። ግን ከመኖሪያ ቤቱ ርቃ፣ በግ ከሚሸለትበት ዳስ ጀርባ፣ ከመንገድ እንዳትታይ ሆና ነበር የቆመችው። ሊሸጥ የወጣ ዕቃ እንዲህ ይደበቃል እንዴ ብላ አሰበች።

ባሏ ሜርቭ ግን ገና ከመኪናቸው ሳይወርድ ፊቱ በርቶ ነበር።

"አየሻት? የኋላ ጎማዋ ድርብ ነው። ከላይ ቤት ብትመስልም ከሥር የጭነት መኪና ናት። የጃፓን አጥንት!"

ሜርቭ ዕድሜውን በሙሉ የወተት ቦቴ የነዳ ሰው ነው። ጡረታ ከወጡ ወዲህ የባልና ሚስቱ ሐሳብ አንድ ነበር፦ አልጋና ምድጃ ያላት፣ አነስ ያለች፣ ያገለገለች የቤት መኪና ገዝተው፣ ብርዱ ሲያልፍ የኒውዚላንድን ደቡብ ደሴት ከጫፍ እስከ ጫፍ መዞር። ያልተስማሙት በሻንሲው፣ መኪናን ከሥር በሚሸከመው የብረት አጽም ነው። ከተማ ውስጥ አንዲት ጡረተኛ አስተማሪ የምትሸጣት ነበረች፤ በፊት ጎማዋ የምትሳብ፣ ወለሏ ዝቅ ያለ የአውሮፓ ሥሪት። ሬይዊን በታመመ ጉልበቷ እንኳ ሳትቸገር ትወጣባታለች። ሜርቭ ግን ሊሰማ አልፈለገም።

"እርጥብ ሣር ላይ ታቆሚያትና በነጋታው ትራክተር ስትለምኚ ትውያለሽ። ቤቱ ያለው ከኋላ፣ ጉልበቷ ያለው ከፊት። ምን ልትሆን ነው? ስሚኝ፣ ጣሪያው ቢያፈስ ይደፈናል፤ ምድጃው ቢበላሽ ይቀየራል። ሻንሲ ግን አንዴ ነው የሚመረጠው። እንደ ባል ነው።"

"ባሌንም ስመርጥ ከሥሩ ጎንበስ ብዬ አላየሁትም" አለችው።

ሻጩ ዳርሲ ከዳሱ ውስጥ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወጣ። ረጅም፣ ትከሻው የጎበጠ፣ ሃምሳን የተሻገረ ሰው ነው። ሻይ ልፍላላችሁ ወይ አለ፤ ስለ ዝናቡ አወራ፤ ስለ በጎቹ አወራ። ስለ መኪናዋ ሲጠየቅ ግን ወደ መኪናዋ ዞር ብሎ አያይም። የሚያየው ኮረብታውን ነው።

ሜርቭ ወገቡን ይዞ ጎንበስ አለና ከሥሯ ተመለከተ። "እንደ አዲስ እኮ ነው! ጥቁር ቀለም ተቀብቷል።"

"ለባሕሩ ጨው ነው" አለ ዳርሲ። "እንዳይዝግ።"

ሬይዊን ግን አንድ ነገር አስተዋለች። የመወጣጫው ደረጃ ዝጓል። የኋላው መከላከያ የታሰረበት ብረትም ዝጓል። ጥቁሩ ቀለም ያለው ከጋቢናው ኋላ፣ መሃሉ ላይ ብቻ ነው።

"ለምን ትሸጣታለህ?" አለችው።

"የወንድሜ የክላይቭ ነበረች። አሁን አያስፈልገውም።"

እንዲህ ብሎ ቶሎ ወደ ሜርቭ ዞረና ስለ ሞተሩ ማውራት ጀመረ። ሬይዊን ወደ ጋቢናው ወጣች። የፊተኛው መስታወት አዲስ ነው፤ የማጣበቂያው ሽታ ገና አልለቀቀውም። በእርሷ በኩል ያለው የወንበር ቀበቶ በፀሐይ ብዛት ግራጫ ሆኗል፤ የሾፌሩ ግን ጥቁር፣ ገና ያልተለሰለሰ አዲስ ነው። ከኋላ ደግሞ በአንድ ወገን ያሉት የቁም ሳጥን በሮች በሙሉ አይገጥሙም። ተራ በተራ ገፋቻቸው። ሁሉም መልሰው ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይከፍታሉ።

"ሻንሲ ሜዳ ላይ አይታወቅም" አለ ሜርቭ ቁልፉን ተቀብሎ። "ራታ ኮረብታን እንውጣባት።"

"የባሕሩ መንገድ ይሻላል" አለ ዳርሲ ፈጠን ብሎ። "አስፋልቱ ጥሩ ነው። ደግሞ ላይኛው ጉም ይዞታል።"

"የባሕሩ መንገድ ምጣድ ነው፣ ወዳጄ። በምጣድ ላይ ሁሉም መኪና ይሄዳል።"

ዳርሲ ከኋላ ገብቶ ጠረጴዛው ጥግ ተቀመጠ።

ዳገቱ እየጠበበ፣ ዛፎቹ እየቀረቡ ሄዱ። ከግንዶቹ ላይ የሽማግሌ ጢም የመሰለ ድርብርብ የዛፍ ሽበት ተንጠልጥሏል፤ ጉሙም ከገደሉ ሥር እየተነሣ መንገዱን መብላት ጀመረ። ሜርቭ ደስታው ወሰን አልነበረውም። በየመታጠፊያው "አየሽ አወጣጧን? ትንፍሽ አትልም እኮ!" ይላል።

ትንፍሽስ ትል ነበር። ሬይዊን ከወንበሯ ጀርባ፣ ከወለሉ ሥር፣ መኪናዋ በታጠፈች ቁጥር አንድ ድምፅ ትሰማለች። የአሮጌ በር ማንቋረር ዓይነት ነው፤ ረዘም ብሎ ይጀምርና ቷ ብሎ ያበቃል።

"ሜርቭ፣ የምን ድምፅ ነው?"

"ቁም ሳጥኑ ነው።"

ዞር ብላ ዳርሲን አየችው። ሁለት እጁን ጠረጴዛው ላይ ጭብጥ አድርጎ ይዟል፤ ጣቶቹ ነጥተዋል። ዐይኑን የተከለው ድምፁ በሚመጣበት ወለል ላይ ነው። ቷ ባለ ቁጥር ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። የሚጸልይ መሰላት።

አናቱ ላይ መኪና የሚዞርበት ጠጠር የፈሰሰበት ሜዳ አለ። ሜርቭ መኪናዋን አዙሮ አፍንጫዋን ወደ ቁልቁለቱ ካደረገ በኋላ ገና ፍሬን ሳይዝ፣ የኋላው በር ተከፈተ። ዳርሲ ዘሎ ወረደ።

"ለእኔ እዚህ ይበቃኛል" አለ። "እናንተ ውረዱ። እኔ በእግሬ እመጣለሁ።"

ሜርቭ በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ ሳቀ። "አነዳዴን ፈራህ እንዴ? ቦቴ ሙሉ ወተት ይዤ ጠብታ ሳላፈስ የወረድኩ ሰው ነኝ!"

ዳርሲ አልሳቀም። "መንገዱን እወደዋለሁ" አለ። "ሁልጊዜ በእግሬ ነው የምወርደው።"

ሬይዊን እጇን ሰዳ ቁልፉን አዞረችና ነቀለችው። ሞተሩ ጠፋ። ዙሪያው ጭጭ አለ።

"ውረድ፣ ሜርቭ።"

"አንቺ ደግሞ ጀመረሽ።"

"ሰውዬው በገዛ መኪናው ቁልቁለት መውረድ ፈርቶ እየዘለለ ነው። አንተ ከእሱ በልጠህ ልታውቃት ነው? ውረድ አልኩህ!"

ከጋቢናው መሳቢያ የእጅ ባትሪ አወጣች። ጉልበቷ እየጮኸባት፣ ደኅናውን ካፖርቷን እንደለበሰች እርጥቡ ጠጠር ላይ በጀርባዋ ተኛችና ከሥር ገባች። ብዙ መፈለግ አላስፈለጋትም። ከጋቢናው ኋላ፣ በቀኙ ብረት ላይ፣ ጥቁሩ ቀለም ተሰንጥቋል። ስንጥቁ ትኩስ ነው። በውስጡ ቀጭን ቀይ የዝገት መስመር ከላይ እስከ ታች ወርዷል። ጥፍሯን ብታስገባው ገባ።

"ና እየው" አለች።

ሜርቭ እያጉረመረመ አጠገቧ ተኛ። ማጉረምረሙ ቆመ።

"ተቀጥሏል" አለ፤ ድምፁ የሌላ ሰው ይመስል ነበር። "ሻንሲውን ቆርጠው መሃሉ ላይ ብረት ጨምረውበታል። አስረዝመውታል። ላሜራ ለጥፈው ቀብተውታል።" ከሥር ወጥቶ ተነሣ። "ማን ነው የበየደው?"

"እኔ ነኝ" አለ ዳርሲ።

ከመንገዱ ዳር ቆሞ ነበር፤ ጉሙ እስከ ጉልበቱ ደርሷል። ሳይጠይቁት ተናገረ።

"ክላይቭ ረጅም ሰው ነበር። አልጋው አጠረኝ አለ። እኔ አስረዝምልሃለሁ አልኩት። ሥራው እኮ ያምር ነበር፤ በእጄ ዳስሼ አረጋግጫለሁ። ከዚያ በዚህ ቁልቁለት ሲወርድ… ከመንገድ ወጥቶ ዛፍ ገጭቶ ሞቶ ተገኘ። ሁሉም ሰው በፍጥነት ሲነዳ ነው አለ። እኔም አዎ፣ ክላይቭ እግሩ ነዳጅ ላይ ከባድ ነው አልኩ። ለሚስቱም ያልኳት ይህንኑ ነው።"

"ታዲያ ለምን ቆራርጠህ አልጣልካትም?" አለችው ሬይዊን።

"ብቆራርጣት ጥፋቱ የብየዳው ነበር ማለት ነዋ!" ጮኸ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እንደገና አቀናሁት። እንደገና በየድኩት። አንድ ሰው ወስዶ በደኅና ቢነዳት፣ በየተራራው ቢወጣ ቢወርድባት፣ ያኔ አውቀዋለሁ። ያኔ ጥፋቱ የክላይቭ ነበር ማለት ነው።"

ሬይዊን መጀመሪያ የሰማችውን አላመነችም። "እኛ ልንሞክርልህ ነው?"

ዳርሲ ዐይኑን ወደ ቁልቁለቱ መለሰ።

ሜርቭ ፊቱ አመድ መስሏል። "ሚስቴን አስቀምጬ!" አለ። "እዚህ ወንበር ላይ፣ ሚስቴን አስቀምጬ!" ወደ ዳርሲ ተራመደ፤ ሬይዊን ክንዱን ያዘችው።

ዳርሲ እጁን ዘረጋ። "ቁልፉን ስጪኝ።"

"አልሰጥህም። ሁላችንም በእግራችን እንወርዳለን።"

ራሱን ነቀነቀ፤ እሺ ያለ ነበር የመሰላቸው። ግን ከሱሪው ኪስ ሌላ ቁልፍ አወጣና ጋቢናው ውስጥ ገባ። ሜርቭ ደርሶ በሩን በጡጫ ደበደበ፤ "ውረድ፣ አንተ ሞኝ! ውረድ!" አለ። መኪናዋ በዝግታ ጠጠሩን ለቃ ጉሙ ውስጥ ገባች። ቀይ መብራቷ ጥቂት ታየና ጠፋ።

ቆመው አዳመጡ። ሞተሩ በከባድ ማርሽ ሲያቃስት ይሰማል፤ አንድ መታጠፊያ፣ ሌላ መታጠፊያ። ማንቋረሩም ይሰማል፤ አሁን ማቋረጥ ትቷል። ከዚያ ትልቅ ግንድ ሲገነጠል የሚሰማ ዓይነት ድምፅ መጣ፤ ብረት አስፋልት የሚቧጭርበት ድምፅ ተከተለ። ከዚያ በኋላ ምንም።

ሬይዊን በዚያ ጉልበቷ እንዴት እንደሮጠች ኋላም ማስታወስ አልቻለችም። መኪናዋ መሃሏ ተሰብሮ ሆዷ አስፋልቱ ላይ ተኝቷል፤ ቤቱ ወደ ተራራው ተደግፏል፤ ጋቢናው አፍንጫውን ወደ ሰማይ ሰቅሏል። ከወዲያ በኩል ገደሉ ነው። በገደሉ አፍ ላይ ባለ አንድ ዛፍ ግንዱ ላይ ቅርፊቱ የተላጠ አሮጌ ጠባሳ አለ።

ዳርሲ መሪውን እንደያዘ ተቀምጧል። ግንባሩ ተፈንክቶ ደሙ በአፍንጫው ይወርዳል። ሜርቭ በመስኮቱ እጁን አስገብቶ ሞተሩን አጠፋ። ቁጣው የት እንደገባ እንጃ፤ መሐረቡን አውጥቶ የሰውዬውን ግንባር ያዘለት።

"ቀስ ብዬ ነበር የምነዳው" አለ ዳርሲ። የሚናገረው ለማን እንደሆነ አይታወቅም። "በጣም ቀስ ብዬ። አይታችኋል አይደል? ቀስ ብዬ ነበር።"

"አይተናል" አለች ሬይዊን።

ግንድ የጫነ መኪና ከታች ደርሶ ሬዲዮ ስለነበረው እርዳታ ተጠራ። ዳርሲን ወሰዱት። ባልና ሚስቱን ሾፌሩ ጋቢናው ውስጥ አስገብቶ አወረዳቸው። በሳምንቱ የአስተማሪዋን መኪና ገዙ፤ ከመግዛቱ በፊት ሜርቭ በጀርባው ተኝቶ እያንዳንዱን ብረት በባትሪ አየ፤ ሬይዊንም እንድታይ አደረገ።

ለጉዞ ዕቃ ሲጭኑ ስልክ ተደወለ። የማታውቃት ሴት ናት።

"ግሌኒስ እባላለሁ። የክላይቭ ሚስት… ሚስት ነበርኩ። ዳርሲ ሆስፒታል ነው፤ ማንንም አያናግርም። ኮረብታው ላይ ከእሱ ጋር የነበርሽው አንቺ ነሽ?"

"እኔ ነኝ።"

"አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ። እንዴት ነበር የሚነዳው?"

ሬይዊን ደጅ ያለውን ሜርቭን በመስኮት አየችው። ብርድ ልብሶቹን ያጣጥፋል።

"ቀስ ብሎ ነበር" አለች። "መኪናዋ ስትሰበር ቀስ ብሎ ነበር የሚነዳው። ሻንሲው ተቀጥሎ ነበር፤ የበየድኩት እኔ ነኝ ብሎ በአፉ ነግሮናል።"

"ሁለት ዓመት ሙሉ ልጄ አባቱን ሲረግም ነው የኖረው" አለች ሴትየዋ። "በፍጥነትህ ጥለኸን ሄድክ እያለ። መቃብሩ ጋ እንኳ አይሄድም።" ሌላ ክፍል ውስጥ ያለ ሰው ስትጠራ ተሰማ፤ እግር እየቀረበ መጣ። "አሁን እዚህ መጥቷል። እባክሽ፣ አሁን ያልሽኝን ለእሱ ድገሚለት።"

ሬይዊን ወንበር ስባ ተቀመጠችና ከመጀመሪያው ጀመረች።