የጋሽ ጉግሳ እጅ

«ጌታ ያጽናናሽ እህቴ» ብሎ ሌላው ደግሞ እጇን ጨበጠ። ቤርሳቤህ መንጭቃ ነጠላዋ ውስጥ ደበቀችው። ሦስት ቀን ሙሉ ጭሮ ከተማ ያለ ሰው ሁሉ ለቅሶው ድንኳን እየገባ ያንኑ ቀኝ እጇን ይጨብጣል፤ በጨበጧት ቁጥር የሟች አባቷ ጣቶች ከውስጡ ቀስ ብለው ሲወጡ ይሰማታል። ወይ ጣጣ! ሐዘንተኛ እንዴት ብላ እጇን ትከለክላለች?

ወንጌላዊ ደረጀ ተነሣ። «ወገኖቼ፣ መዳን በሥራ ቢሆን ማናችን እንተርፍ ነበር? በጸጋ ነው! በልብ ማመን፣ በአፍ መመስከር፣ በቃ። አፍ ቢታሰር እንኳ ጌታ እጅን ይሰማል። ጋሽ ጉግሳ በመጨረሻዋ ሰዓት የልጃቸውን እጅ ጨብጠው ጌታን ተቀብለዋል!»

«ሃሌሉያ!» አለ ድንኳኑ።

«እሑድ እህታችን ራሷ ትመሰክራለች።»

ቤርሳቤህ አንገቷን ደፋች። አጠገቧ የተቀመጡት አክስቷ፣ ከበደሳ የመጡት እትዬ ደስታነሽ፣ ሃሌሉያ አልወጣቸውም፤ እሷን ብቻ ያያሉ።

አብዱናስር ወደ ሁለቱ ጠጋ አለ። ገለምሶ ቡና መጋዘን አባቷ ሚዛን ሲይዝ እሱ ሃያ ዓመት ጆንያ የተሸከመ ሰው ነው። «አላህ ሰብሩን ይስጣችሁ። ነመ ዱጋ ነበር፣ የእውነት ሰው። ገበሬው ‹ጋሼ፣ ትንሽ ከፍ አድርግልኝ› ብሎ ሲለምነው ምን ያደርግ ነበር? ጆንያውን በመዳፉ ሁለቴ መታ መታ! ያለው ይኸው ነው ማለቱ ነው። ከዚያ ወዲያ ብታለቅስም አንድ ኪሎ አታገኝ!» ሳቅ ብሎ ዓይኑን ጠረገ። እትዬ ደስታነሽም ራሳቸውን ነቀነቁ።

ቤርሳቤህንም አባቷ እንዲሁ ነበር የሚመልሳት። ጌታን ከተቀበለች ጀምሮ አሥራ አንድ ዓመት ለምናዋለች። «አባዬ፣ አንድ ቃል ብቻ በል።»

«ልቤ ሳይል አፌ ቢል፣ እግዜርን መዋሸት አይሆንም ልጄ?»

አንደበቱ ሲያዝ ሆስፒታል አልጋው ላይ እጁን ይዛ፣ «አባዬ፣ ኢየሱስን ከተቀበልክ ጨብጠኝ» አለችው። አየት አደረጋት። እጁን ከእጇ ውስጥ ቀስ አድርጎ አወጣ። ከዚያ በኋላ ያደረገውን ለማንም አልተናገረችም።

ደጅ ላይ ጾመው ሲጸልዩ ያደሩት ምእመናን፣ «ተቀበለ?» ብለው ከበቧት።

«ጨበጠኝ» አለች። አመለጣት፤ አባቷ በገሃነም ሲቃጠል ታያት፣ ምን ታድርግ! በዚያች ቃል ሊፈቱት የመጡት የኦርቶዶክስ ቄሶች ከደጅ ተመለሱ፤ ጋሽ ጉግሳም ያለ ፍትሐት ተቀበረ።

ከሰዓት በኋላ ድንኳኑ ሲሳሳ አክስቷ ወደ ጓዳ ጠሯት።

«እኔ ያንቺን ሃይማኖት አላውቅም» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ወንድሜ ወዶ ከገባበት፣ እሺ፣ አፌን ይዤ በደሳ እገባለሁ። ካልሆነ ግን ያለ ፍትሐት፣ ያለ ተዝካር አልተወውም። እኔ ካልጮህኩለት ማን አለው? እውነቱን ንገሪኝ።»

በአክስቷ እምነት ለሞተ ሰው ገና የሚደረግለት አለ። በቤርሳቤህ እምነት ግን በሩ ተዘግቷል፤ እውነቱን ካወጣች በገዛ አፏ አባቷን ፈረደችበት። ከዋሸች ደግሞ፣ ዕድሜውን ሙሉ ያልዋሸውን ሰው ከሞተ በኋላ ዋሾ አደረገችው።

«ጨብጦኛል» ልትል አፏን ከፈተች፤ ቃሉ አልወጣ አላት።

«እንግዲያው አሳዪኝ» አሉ እትዬ ደስታነሽ፣ የተጨማደደ እጃቸውን ዘርግተው። «እንዴት አድርጎ ነው የያዘሽ?»

ያዘቻቸው። ልትጨብጥ ጣቶቿን ሰበሰበች፤ እንባዋ ቀደማት። እጇን ቀስ አድርጋ አወጣችና የአክስቷን እጅ ከላይ በመዳፏ ሁለቴ መታ መታ አደረገችው።