የሄስተር ማሳ ደረጃ

ቢጫው ማስታወቂያ በማሳው በር ላይ የተለጠፈ ዕለት ሌናርድ ተርኬትል ሁለት ጊዜ አነበበው፤ መጀመሪያ ያለ መነጽር፣ ቀጥሎ በመነጽር። ጎረቤቱ ሄስተር ፕላውራይት ከቤቱ ፊት ለፊት ያለውን ሰፊ ማሳዋን ለአርባ ዓመት የፀሐይ ኃይል ሰሌዳ ለሚተክል የሶላር ኩባንያ ልታከራየው ነው። የሚቃወም ካለ በሃያ አንድ ቀን ውስጥ ለወረዳው ምክር ቤት በጽሑፍ ያቅርብ ይላል።

«ሃያ አንድ ቀን ይበቃኛል» አለ ሌናርድ።

ሌናርድ ሠላሳ ስድስት ዓመት የባቡር መነሻና መድረሻ ሰዓት ሲያወጣ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ሌላው ልብ ወለድ እንደሚያነበው እሱ ደንብ ያነባል። የመንግሥትን የመሬት አጠቃቀም ፖሊሲ አውጥቶ፣ ከነግርጌ ማስታወሻው ጨረሰውና ሠላሳ አንድ ገጽ ተቃውሞ ጻፈ።

ዊዘርኮት ትንሽ መንደር ናት፤ ወሬው ሄስተር ዘንድ ለመድረስ ግማሽ ቀን አልፈጀበትም። ስድሳ ስድስት ዓመቷ ነው፤ በጎቿን እየነዳች መጥታ አጥሩ ላይ ተደገፈች።

«ሠላሳ አንድ ገጽ ጻፍክብኝ አሉ! በሃያ ዓመት ጉርብትና በገና ካርድ ላይ ከስምህ ሌላ አንድ ቃል ጽፈህልኝ ታውቃለህ?»

«በአንቺ ላይ አይደለም የጻፍኩት፤ በማሳው ላይ ነው።»

«ማሳውማ ማንበብ አይችል!» አለችና ጥላው ሄደች። ከዚያ በኋላ ለሦስት ሳምንት ሰላምታ አልተለዋወጡም።

የሌናርድ ዋና ክርክር ስለ አፈሩ ነበር። ፖሊሲው ሶላር ሲተከል ደከም ያለው መሬት ይቅደም፣ ምርጡ ለእህል ይቆይ ይላል። አንደኛ ደረጃ፣ ሁለተኛ ደረጃና «ሦስት ሀ» ምርጥ ናቸው፤ «ሦስት ለ» ግን ከምርጦቹ አይቆጠርም። ኩባንያው የድሮ ካርታ ጠቅሶ ማሳው ሦስት ለ ነው ብሏል። ሌናርድ ደግሞ ያ ካርታ «ሦስት» ብሎ ዝም እንደሚል፣ ሀ እና ለን እንደማይለይ ደረሰበት።

የምክር ቤቱ የፕላን ባለሙያ አንጃሊ ራቶድ ስልክ ደወለችለት። «ሚስተር ተርኬትል፣ እውነትዎን ነው። አፈሩ እንደ አዲስ ይመርመር ብለናል።»

ሌናርድ ስልኩን ዘግቶ ወጥ ቤቱ ውስጥ ብቻውን አጨበጨበ።

በየካቲት አንድ ቀዝቃዛ ጠዋት የአፈር ባለሙያው ረጅም መሰርሰሪያውን ተሸክሞ መጣ፤ አንጃሊም አብራው ነበረች። ሌናርድ ታጣፊ ወንበሩንና ደብተሩን ይዞ ቀድሟቸው ተገኝቷል። ባለሙያው መቶ እርምጃ ያህል እየሄደ ይቆፍራል፣ አፈሩን በጣቱ ያሻል፣ ይጽፋል። ሌናርድ ዝም ብሎ ማየት አላስቻለውም።

«ወዲያ ታች ጋ ቆፍር እንጂ! እዚያ ያለው አፈር እኮ ቅቤ ነው!» ብሎ ቦታውን ሊያሳይ ሲጣደፍ ቀኝ እግሩ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ውስጥ ገባ። ሊያወጣ ሲታገል ግራውም ተከተለ።

ከበጎቿ ዘንድ ሆና ስታይ የቆየችው ሄስተር እየሳቀች መጥታ ከኋላው በብብቱ ያዘችው። «ቅቤው እንዴት ነው ሌን? ለጋ ነው?»

«ሳቅሽን ትተሽ ሳቢ!»

ሳበች። ሌናርድ ወጣ፣ ቦቲው ግን እዚያው ቀረ። አንጃሊ ፊቷን አዙራ ትከሻዋ በሳቅ ይንቀጠቀጣል። ባለሙያው ከጉድጓዱ አፈር አንስቶ አሳያቸው፤ ግራጫ ሸክላ፣ የዝገት ነጠብጣብ ያለበት። «ውኃ ይተኛበታል። ሦስት ለ ነው» አለ። በላይ በኩል ካለችው ትንሽ ጥግ በቀር ማሳው ሁሉ ሦስት ለ ሆነ። ኩባንያውም ያቺን ምርጥ ጥግ ከፕላኑ አወጣት።

ሄስተር በካልሲ የቀረውን ጎረቤቷን ቤቷ አስገብታ ሻይ በወተትና በሊጥ የተጋገረ ትኩስ የሥጋ ፓይ አቀረበችለት።

«አሁን እውነቱን ንገረኝ» አለችው። «ምንድነው እንዲህ ያንገበገበህ? አፈር ነው አትበለኝ፤ አንተ ድንች እንኳ ተክለህ አታውቅም።»

ሌናርድ የጎረሰውን ፓይ ዋጠ። «ጠዋት ስነሳ በመስኮቴ የማየው ማሳሽን ነው። መስታወት ብቻ ማየት አልፈለግኩም።»

«ታዲያ እሱን አትጽፍም ነበር?»

«ከአንድ ሰው መስኮት የሚታይ ነገር በደንቡ ሚዛን የለውም። አራት ጊዜ ፈልጌዋለሁ።»

ሄስተር አልሳቀችም። ጉልበቷ እንደከዳት፣ ማሳውን ማረስ እንዳቃታት፣ በጎቹ ግን በሰሌዳዎቹ ሥር እየጋጡ እንደሚቆዩ ነገረችው። «በጎቼን ይዤ እዚሁ ልሙት ብዬ ነው እንጂ መስኮትህን ልዘጋብህ አይደለም፣ አንተ ሞኝ።»

«የአንድ ሰው መስኮት ባይቆጠርም» አለ ሌናርድ ቀስ ብሎ፣ «ከሕዝብ መንገድ የሚታየው ይቆጠራል። መንገዱ ደግሞ በእኔ ቤትና በአንቺ ማሳ መካከል ነው የሚያልፈው።»

«እና?»

«ብዕር አለሽ?»

ሠላሳ አንዱን ገጽ ትተው አብረው አንድ ገጽ ጻፉ። ሰሌዳዎቹ ከመንገዱ ሃያ ሜትር ይራቁ፤ በዳሩ ሦስት ሜትር የሚደርስ የቁጥቋጦ አጥር ይተከል፤ በጎቹ ይቆዩ፤ አርባው ዓመት ሲያልቅ ሁሉም ተነቅሎ መሬቱ ለእርሻ ይመለስ።

በምክር ቤቱ የፕላን ኮሚቴ ስብሰባ ለአንድ ተናጋሪ የሚፈቀደው ሦስት ደቂቃ ነው። ሌናርድ ተነሣ።

«ማሳው ምርጥ ነው ብዬ ጽፌ ነበር። ተሳስቻለሁ። እስከ ጉልበቴ ገብቼ አረጋግጫለሁ።» አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አራቱን ጥያቄዎች አንብቦ ሲጨርስ አሥር ሰከንድ ተርፎት ነበር። ሰባት ለሁለት በሆነ ድምፅ ፈቃዱ ተሰጠ፤ አራቱም ጥያቄዎች የፈቃዱ ግዴታ ሆነው ገቡ።

በኅዳር የኩባንያው ሠራተኞች የአጥሩን ችግኝ ተክለው ሄዱ። ሌናርድ በማግስቱ እየዞረ ቢቆጥር ከፕላኑ አርባ ሦስት ችግኝ ጎደለ፤ ወዲያው ለአንጃሊ ደወለ። ሠራተኞቹ በሳምንቱ ተመልሰው የጎደለውን ሲተክሉ ሄስተር በጎቹን እየከለከለች፣ «ይኼ ሰውዬ ቅጠሉንም መቁጠር ሳይጀምር ቶሎ ትከሉ!» ትላቸዋለች።

በዚያው ሰሞን ከጎረቤት መንደር አንድ ሰው ደወለለት። «ሶላር የሚቃወሙት ሰው እርስዎ ነዎት? እኛም ጋ ሊተክሉ ነው።»

«መቃወሙን እንጃ» አለ ሌናርድ፣ መነጽሩን እየፈለገ። «ማንበቡን ግን አነብልሃለሁ። ወረቀቱ ስንት ገጽ ነው?»

«ስድስት መቶ።»

«ስድስት መቶ!» አለና ወንበሩን ሳብ አድርጎ ተቀመጠ፤ ፊቱ ፈካ። «በል ዛሬውኑ አምጣልኝ!»