ኮከብ ለጸጥተኛ እጅ

"እጅ ጉልበት ላይ!"

እታለም ድምፅዋን ከፍ እንኳ አላደረገችም። እንደ ገበያ ሲንጫጫ የነበረው ክፍል ባንዴ ጭጭ አለ። በትንንሾቹ ወንበሮች ላይ የተደረደሩት አሥራ አንድ ልጆች እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳረፉ። ከሁሉ ቀድማ ያሳረፈችው ማን ሆነች? እሜቴ ዝምታ።

"ዛሬ ኮከቡ የማን ነው?"

"የዝምታ!" አሉ ልጆቹ ባንድ አፍ።

እታለም ከሽርጧ ኪስ የሚለጠፉትን ኮከቦች አወጣችና አንዱን ቢጫ ልጣ በሦስት ዓመቷ ልጅ ቀኝ እጅ ጀርባ ላይ ለጠፈችው። ልጅቷ ኮከቡን አየችው እንጂ አልነካችውም። እጇም ከጉልበቷ አልተነሣም።

እታለም የሚለው ስም ከልጆቹ ወላጆች ተነሥቶ ወደ ልጆቹ አፍ የገባ ነው፤ ዛሬ ዋና ስሟን የሚያስታውስ ቢኖር ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ነው። በሕፃናት ማቆያው ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት በሞግዚትነት ሠርታለች። ልጅ ሳይቆነጠጥ፣ ሳይጮኽበት ክፍል ጸጥ የሚያደርገው ዘዴ የራሷ ፈጠራ ነው፤ ሌሎቹ ሞግዚቶችም የቀዱት ከእሷ ነው። በዚህ ደረቷን ብትነፋ የሚፈርድባት አልነበረም።

ይቺ ልጅ ግን ፈተነቻት። ከሁለት ወር በፊት አክስቷ ስታመጣት፣ "ትንሽ ዝምተኛ ነች" ብላ ነበር እብስ ያለችው። ትንሽ? ቃል የሚባል ካፏ አይወጣም። እጇ ግን ዕረፍት አያውቅም። ጣቶቿን ታጥፋለች፣ ከንፈሯን ትነካለች፣ ጉንጯን ትጠርጋለች፣ አየሩን ትቆርጣለች። ደግሞ የሌላውን ልጅ ትከሻ መታ መታ ታደርጋለች፤ ዞር ካላለላት ወለሉን በእግሯ ትደልቃለች። ልጆቹ "መታችኝ" እያሉ ያለቅሳሉ። ሞግዚቶቹ ጆሮዋ ይሆን ብለው ከኋላዋ ቢያጨበጭቡ ዞር አለች። "ትሰማለች፤ እልኸኛ ሆና ነው እንጂ" ተባለና ነገሩ ተዘጋ።

እልኸኛ ልጅ ለእታለም አዲስ አይደለም። በየቀኑ አጠገቧ እየተቀመጠች፣ ሁለቱን ትንንሽ እጆች በራሷ እጅ ሸፍና ጉልበቷ ላይ ያዘቻቸው። በክፋት አይደለም፤ እየዘፈነችላት ነው። መጀመሪያ ልጅቷ ታገለች። ቀጥሎ አለቀሰች። ከዚያ ተወችው።

አንድ ቀን ምግብ አብሳይዋ ኩባያዎች የሞሉበት ትሪ ተሸክማ በሩ ላይ ቆመች።

"እታለም፣ ይቺ ልጅ ጣቷን እንዲህ ከንፈሯ ላይ ስታደርግ እኮ ውሃ ጠምቷት ነው። ሦስቴ ሰጠኋት፣ ሦስቴም ጠጣች።"

"ውሃ ሰጥተሽው የማይጠጣ ልጅ የት አለ?" አለቻት እታለም። "አንቺ ድስትሽን፣ እኔ ልጆቼን።"

"እኔስ ያየሁትን ልንገርሽ ብዬ ነው።"

ተሳሳቁና ነገሩ በዚያው ቀረ።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ሌሎቹ ልጆች ሁሉ ተወስደው አለቁ። አክስትየዋ አልመጣችም። በምትኳ የልብስ ማጠቢያ ቤት የደንብ ልብስ የለበሰች አንዲት ወጣት ሴት በሩ ላይ ቆመች።

"ማንን ፈልገሽ ነው፣ ልጄ?"

ሴትየዋ አልመለሰችላትም። ጆሮዋን ነካች፣ ራሷን ግራና ቀኝ ነቀነቀች፣ ከዚያ ስልኳን አውጥታ ጻፈችና ለእታለም ሰጠቻት።

"እናቷ ነኝ። አልሰማም፣ አልናገርም። አባቷም እንደኔው ነው። እሷ ትሰማለች፤ ከእኛ የለመደችው ግን የምልክት ቋንቋ ነው። እህቴን ስላመማት ነው እኔ የመጣሁት። ከዚህ በፊት ሁለት ቦታ አንቀበልም ስላሉን ነው ያልነገረቻችሁ። ይቅርታ ያድርጉልን።"

እታለም አንብባ ሳትጨርስ ክው አለች። እናትየው ልጇ አጠገብ ተንበርክካ ትከሻዋን መታ መታ አደረገች። ልክ ልጅቷ ሌሎቹን "ስትመታ" እንደነበረው። ልጅቷ ዞረች። የእናትየው ጣቶች ታጠፉ፣ ከንፈር ነኩ፣ ጉንጭ ጠረጉ፣ አየር ቆረጡ። እታለም እያንዳንዱን እንቅስቃሴ ታውቀዋለች። እያንዳንዱን በገዛ እጇ ይዛ አስቁማዋለች። ለዚች ወሬኛ ልጅ ነው እሜቴ ዝምታ የሚል ስም ያወጣችላት።

ልጅቷ እናቷን አየቻት። ቀጥላ እታለምን አየቻት። ከዚያ ማንም ሳያዛት ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች።

እናትየው ስልኩን ተቀብላ እንደገና ጻፈችና መለሰችላት።

"ቤትም እንዲህ ከሆነች ሁለት ሳምንቷ ነው። አባቷ ማታ ማታ በእጁ ተረት ሲነግራት ትስቅ ነበር፤ እሷም በተራዋ ትነግረው ነበር። አሁን ታየዋለች እንጂ አትመልስለትም። እጇን አሟት መስሎኝ ሐኪም ቤት ወስጄ ራጅ ተነሣች፤ ምንም የለባትም አሉኝ። እዚህ ወድቃ ነበር እንዴ?"

የማቆያው ዳይሬክተር ከቢሮዋ ወጥታ በእታለም ትከሻ ላይ አሻግራ አነበበች። ፊቷ ተለዋወጠ። እናትየው እንደማትሰማ ስለገባት ድምፅዋን ዝቅ ለማድረግ እንኳ አልተጨነቀችም።

"ከባድ ነገር እንዳትጽፊላት። ልጅ ነች፣ ያልፍላታል በያት።"

"ካላለፈላትስ?"

"እሱን ሐኪም ይየው። ደግሞስ ጥፋቱ የማን ነው? መች ነገሩን? እኛ ጠንቋይ ነን?"

ይህ እንኳ እውነት ነው። የነገራቸው ሰው የለም። እታለም በዚህ አመካኝታ ልትወጣ ትችል ነበር፤ ልትወጣም ፈለገች። በአንድ ጣቷ እየለቀመች "ልጅ ነች፣ ያልፍላታል" ብላ ጻፈች። ግን የምግብ አብሳይዋ ነገር መጣባት። ሦስቴ ሰጠኋት፣ ሦስቴም ጠጣች። የነገራቸው የለም ማለት ውሸት ነው። ልጅቷ ራሷ በየቀኑ ስትነግራቸው ነበር። እታለም አፈረች። በዚህ ዕድሜዋ እንዲህ ያለ እፍረት ይገጥመኛል ብላ አስባ አታውቅም።

ይኸኔ እናትየው የልጇን ቀኝ እጅ ከጉልበቷ ላይ አንሥታ ልትስም ስትል ቢጫውን ኮከብ አየችው። ከገባች ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷ ፈካ። ኮከቡን በጣቷ አሳየች፣ ልጇን አሳየች፣ ከዚያ መዳፏን ወደ ላይ ገልብጣ ቅንድቧን ከፍ አድርጋ እታለምን ጠበቀቻት።

"ምንድን ነው የምትለው?" አለች ዳይሬክተሯ።

"ኮከቡን ምን ሠርታ ነው ያገኘችው እያለችኝ ነው።"

"በምን ገባሽ?"

"ገባኛ።"

"በይ ጎበዝ ስለሆነች ነው በያት። ደስ ብሏት ትሂድ።"

እታለም ስልኩን አየች። የጻፈችው ገና አለ። ፊደል በፊደል አጠፋችው። ዳይሬክተሯ ክንዷን ያዘቻት፤ እታለም ክንዷን ቀስ ብላ አስለቀቀችና ጻፈች።

"ኮከቡን የሰጠኋት እኔ ነኝ። እጇን ስላላንቀሳቀሰች ነው።"

"አላወቅሁም ነበር" ብላ ልትጨምርበት ጀመረች፤ መልሳ አጠፋችው። ልጅቷ ከወንበሯ ሆና ሁለቱንም ታያቸዋለች። እናትየው አሁንም ፈገግ እንዳለች ነበር። እታለም ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ ሰጠቻት።